ልጄን በዊልቸር አደን የወሰድኩት እንዲህ ነው

ባለፈው ወር ክሊኒክ ተራ ስንጠብቅ አንዲት የሀበሻ እናት አጠገቤ ተቀመጠች። ልጇ ያለበት የልጄ በሽታ ነው። ገና ስድስት ዓመቱ ነው። በእግሩ ይሄዳል፣ ከወለል ሲነሳ ግን ጭኑን በእጁ እየገፋ ነው የሚነሳው። ያንን አነሳስ ስለማውቀው ሆዴ ተላወሰ። ስልኬ ላይ ያለውን የልጄን ፎቶ አየችና "ይሄ ምንድነው?" አለችኝ። ልጄ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ፣ ከእግሩ ሥር ባለ ቀንድ አጋዘን ተጋድሟል። ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ጥያቄዋ አላባራም። ማን ወሰዳችሁ? ስንት ከፈላችሁ? ጠመንጃውን በምን አቅሙ ያዘው? ሥጋውንስ በላችሁት? ተራችን ደርሶ ስንለያይ "እባክሽ ጻፊው፣ ለእኛም ይጠቅመናል" አለችኝ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

የምንኖረው ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ውስጥ ነው። ልጄ ያኔ 14 ዓመቱ ነበር። በሽታው ዱሸን ይባላል። ጡንቻን ደህና አድርጎ የሚያቆየው ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን አለ። የእነዚህ ልጆች ሰውነት እሱን አይሠራም። ስለዚህ ጡንቻቸው ዓመት በዓመት እየደከመ ይሄዳል። የሚይዘው ከሞላ ጎደል ወንዶችን ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ከእናት ይወረሳል፤ በዘር ፈጽሞ ሳይኖር አዲስ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። አብዛኞቹ ልጆች 12 ዓመት አካባቢ ሲደርሱ መራመድ ያቆማሉ። ቀጥሎ ክንድ ይደክማል፣ ከዚያ ሳንባና ልብ። ጣቶች ግን ይቆያሉ። ይህን የጣት ነገር ያዙልኝ።

በእኛ ቤት በሽታው የመጣው በእኔ በኩል ነው። ሐኪሟ ስትነግረኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ወንድሜ ነበር። ያደግነው ጎጃም፣ ደጀን አካባቢ ነው። ወንድሜ በ11 ዓመቱ መራመድ አቆመ። ምች ነው ተባለ። ለከፋ ነው ተባለ። ጠበል ተወሰደ፣ አልተሻለውም። ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ አጎዛ ተነጥፎለት ይቀመጣል። አባታችን ምንሽሩን አንግቶ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ በዓይኑ ይሸኘዋል። ማታ ሲመለስም እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። አንድም ቀን "ና ልውሰድህ" ያለው ሰው የለም። በክፋት አይደለም፣ ለማንም ሐሳቡ አልመጣም። እሱም አልጠየቀም። በ17 ዓመቱ አረፈ።

ልጄ ግን ጠየቀ።

ዩቲዩብ ላይ እንደሱ ዊልቸር ላይ ያለ ልጅ ሲያድን አይቷል። ሳህን እያጠብኩ ነበር። "እማዬ፣ እኔም አደን መሄድ..." ሲለኝ "አይሆንም" አልኩት። አንገቴን እንኳ አላዞርኩም። ጠመንጃ እፈራለሁ። ገንዘቡም ይታሰበኛል። የእኛ ነገር አይደለም ብዬም አሰብኩ። እሱ ትንሽ ዝም ብሎ "እማዬ፣ ሁሌ ሳልጨርስ ነው የምትመልሽልኝ" አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ይቺ ቃል ስታንገበግበኝ አደረች። እውነቱን ነው። ስለ ዋና ሲጠይቀኝም፣ ስለ ካምፕ ሲጠይቀኝም፣ ከክፍሉ ልጆች ጋር ሊያድር ሲጠይቀኝም እንደዚያው ነበር።

ስጠይቅ ነው ነገሩ እዚህ አገር አዲስ እንዳልሆነ የገባኝ። ብዙዎቻችሁ የታመሙ ልጆችን ምኞት የሚፈጽመውን ሜክ ኤ ዊሽን ታውቁታላችሁ። ከ1980 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው። ልጅ ዲዝኒ መሄድ ቢመኝ ይወስዱታል፣ በጠመንጃ ማደን ቢመኝ ግን አይችሉም። ቀድሞ ይፈቅዱ ነበር፣ በ1990ዎቹ ብዙ ተቃውሞ ስለገጠማቸው አቆሙት። ያን ጊዜ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የአንዲት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ልጅ በካንሰር ታሞ ነበር። ምኞቱ ካናዳ ሄዶ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ማደን ነው። እናቱ በየስልኩ እየደወለች ለመነች። የማያውቋቸው ሰዎች ተባብረው ወሰዱት። ልጁ ካረፈ በኋላ ያቋቋመችው ድርጅት ሀንት ኦፍ ኤ ላይፍታይም ይባላል። እስከ 21 ዓመት ያሉትን ይቀበላል። ሚሲሲፒ ያለው ካች ኤ ድሪም ደግሞ 18 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉትን ለአደንም ለዓሣ ማጥመድም ይወስዳል። ከእነዚህ ሌላ በየክፍለ ሀገሩ ትንንሽ ማኅበሮች አሉ። ገበሬዎች፣ ጡረተኞች፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተሰባስበው በዓመት ጥቂት ልጆችን ይወስዳሉ። እኛን የወሰደን እንደዚህ ያለ ትንሽ ማኅበር ነው። ያገኘሁትም በክሊኒኩ ሶሻል ወርከር በኩል ነው። እናንተም ከእሷ ጀምሩ። ኢንተርኔት ላይ ብቻችሁን ከመድከም ይሻላል።

ገንዘብን በተመለከተ እኛ የከፈልነው ቤንዚን ብቻ ነው። እሱንም ኋላ መለሱልን። ፈቃዱን፣ ማደሪያውን፣ ምግቡን፣ ሥጋ ቆራጩን ሁሉ እነሱ ቻሉት። የቴክሳስ የልጆች አደን ፈቃድ ራሱ 7 ዶላር ነው። ስለዚህ "መመዝገቢያ" ብሎ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ጥርጣሬ ይግባችሁ። እውነተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሆኑን የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ድረ ገጽ ላይ ስሙን አስገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ቅጹን ወላጅ ይሞላል፣ ሐኪም የልጁን ሁኔታ ጽፎ ይፈርማል። ሐኪሙ ዝም ብሎ "መሄድ ይችላል" ብሎ እንዳይፈርም። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። እኛን ያስጨነቀን አጥንቱ ነበር። ልጄ ለዓመታት የጡንቻውን ድካም የሚያዘገይ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ስለወሰደ አጥንቱ ሳስቷል። ጠመንጃ ደግሞ ሲተኮስ ትከሻን ይመታል። ሐኪሟ ጠመንጃው ሰውነቱን ጨርሶ እንዳይነካ ብላ በደብዳቤዋ ጻፈች። ማኅበሩም በዚያው መሠረት ተዘጋጀ። ሌላው ማታ የሚተነፍስበት ባይፓፕ የሚባል ማሽን ነው። ማደሪያው አስተማማኝ መብራት አለው ወይ፣ ቢጠፋስ ጄኔሬተር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። በአቅራቢያ ያለው ሆስፒታል ስንት ደቂቃ እንደሚርቅም ጠየቅኩ። ጥያቄ ስታበዙ የምታስቸግሩ እየመሰላችሁ አትፈሩ። ደህና ሰዎች ጥያቄ ደስ ይላቸዋል።

ስቴሮይዱን በምንም ምክንያት አታቋርጡ። ይህን ለአደን ብቻ አይደለም የምለው። እንጦጦ ጠበል የወሰድነው ጊዜ "መድኃኒቱን ካላቆማችሁ አይድንም" ያለን ሰው ነበር። ስቴሮይድ የለመደ ሰውነት በድንገት ሲቋረጥበት ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ይመጣል። ጠበሉን ጠጣ፣ ተጠመቀ፣ መድኃኒቱንም ዋጠ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በእኛ ሰው መካከል ብዙም የማይነገር ነገር አለ፣ የወረቀት ጉዳይ። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ካላችሁ ችግር የለም። ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ግን፣ እናንተም ሆነ ልጃችሁ ጠመንጃ ከመንካታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። በአሜሪካ ሕግ አንዳንድ ሰው ጠመንጃ መያዝ አይችልም፣ የሚያመጣውም ጣጣ ቀላል አይደለም። አዛኝ ሰዎች "ችግር የለውም፣ ያዘው" ቢሉም እነሱ የእናንተን ፋይል አያውቁትም።

የአደን ኮርስ ግዴታ መስሎኝ ተጨንቄ ነበር። ቴክሳስ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ኮርሱን የወሰደ ባለ ፈቃድ አዋቂ አጠገቡ እስካለ ድረስ ማደን ይችላል። ልጄ ግን ልውሰድ ብሎ ኢንተርኔት ላይ ጨረሰው። ለዓይነ ስውር ልጅ እናቶችም ልንገራችሁ። እዚህ በሕግ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የሚያይ ረዳት ከጎኑ ሆኖ በሌዘር እያነጣጠረ ማደን ይፈቀድለታል።

ቀረ የምግቡ ነገር። እኛ ኦርቶዶክስ ነን። በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። የንስሐ አባቴን ደውዬ ጠየቅኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም። "ዋላ በኦሪት ዘዳግም ከሚበሉት እንስሳት ተቆጥሯል፤ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል። የምትጠነቀቁት ደሙን ነው። ወዲያው ይታረድ፣ ደሙም ይፍሰስ" አሉኝ። ይህ የእኔ ንስሐ አባት ምክር ነው፣ እናንተም የራሳችሁን ጠይቁ። ሙስሊም ጎረቤቴም የእነሱ ሃይማኖት ለአደን የራሱ ሥርዓት እንዳለው ነግራኛለች። ዋናው አስቀድሞ መጠየቅና ለማኅበሩ ሰዎች መንገር ነው። እኔ በስልክ ነገርኳቸው። "ቢላዋውን አንቺ ትይዣለሽ?" ብለው ጠየቁኝ። ባሌ ረጅም መንገድ የሚነዳ የትራክ ሾፌር ስለሆነ እሱ አይኖርም ነበር። "እይዛለሁ" አልኩ።

ቀኑንም ከጾም ጋር አስተያዩት። የቴክሳስ አጋዘን አደን የሚከፈተው በኖቬምበር የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 24 ነው። መጀመሪያ የሰጡን ቀን ከዚያ በኋላ ነበር፣ እንዲያቀርቡልን ለመንኳቸው።

አርብ ጠዋት ቫኑን ጭኜ ብቻዬን ነዳሁ። ዊልቸሩ፣ ቻርጀሩ፣ ባይፓፑ፣ ሳል የሚያግዘው ማሽን፣ ከአልጋ የሚያነሳው ማንሻ። የቤት ዕቃ የምለቅ ነበር የምመስለው። የምናድንበት ቦታ ያለው ላኖ የምትባል ከተማ አካባቢ ነው፣ ከእኛ አራት ሰዓት ያህል ይርቃል። ከተማዋ ራሷን የቴክሳስ የአጋዘን ዋና ከተማ እያለች ነው የምትጠራው። ላምፓሳስን ካለፍን በኋላ አገሩ ተለወጠ። ትላልቅ ቋጥኝ፣ የበለስ ቁልቋል፣ ግራር የሚመስል እሾሃማ ዛፍ። ዛፉ አፋርን ያስቸገረው የፕሮሶፒስ ዘመድ እንደሆነ ኋላ ነው ያወቅኩት። መኪናውን አቁሜ ትንሽ አየሁት። ከቤት ስወጣ የነበረው ፍርሃት ቀለል አለልኝ።

የራንቹ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው መጀመሪያ ሰላም ያሉት ልጄን ነው፣ ከዚያ እኔን። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ዊልቸር የምትገፉ እናቶች ግን ታውቁታላችሁ። ሰው ሁሉ እኛን እያየ "ስሙ ማነው? ምን ይወዳል?" ነው የሚለው፣ ልጁ እዚያው እያለ። እሳቸው ጎንበስ ብለው "ጌታዬ፣ ጠመንጃህን ልታይ ትፈልጋለህ?" አሉት። ለእራት ያዘጋጁት ቀኑን ሙሉ የተጠበሰ ብሪስኬት፣ የበሬ ፍርምባ፣ ነበር። አርብ ነው ስላቸው ሚስታቸው ምንም ሳይከፋቸው ባቄላና ቶርቲያ አቀረቡልን።

አሁን ወደ ጣቶቹ ልመለስ። ጠመንጃው ልጄ እጅ ላይ አይደለም ያለው። ከባድ ማቆሚያ ላይ ታስሯል። ማቆሚያው ትንሽ ሞተር አለው፣ ሞተሩ ከጆይስቲክ ጋር ይገናኛል። ልጄ በአውራ ጣቱ ወደ ግራ ሲለው ጠመንጃው ወደ ግራ፣ ወደ ላይ ሲለው ወደ ላይ። ማነጣጠሪያው መነጽር ላይ ስልክ ተገጥሟል። ስለዚህ እሱ የሚያየውን ከጎኑ ያለው ሰውም ያየዋል። ቃታው በአዝራር ይሳባል። እጃቸው ጨርሶ ለማይሠራ ልጆች በቀጭን ቱቦ አየር በመሳብ የሚተኮስበትም አለ። ከመተኮሱ በፊት አጠገቡ ያለው አዋቂ መቆለፊያውን መክፈት አለበት። እሱ ካልከፈተ አይተኮስም። ይህን ሳይ ልቤ አረፈ።

በቪዲዮ ጌም ብዛት የምቆጣው ልጅ ጆይስቲኩን በአሥር ደቂቃ ለመደው። አርብ ማታ ወረቀት ላይ አምስት ጥይት ተኮሰ። አራቱ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ አረፉ። ሽማግሌው ወረቀቱን ነቅለው ፈረሙበት። ጆሮውን በደንብ ሸፍኑለት፣ የእናንተንም ጆሮ አትርሱ። እኔ የመጀመሪያው ሲተኮስ ጮህኩ።

የምንደበቅበት ቤት አገራችን እህል የሚጠበቅበትን ማማ ይመስላል። ይኼኛው ግን መሬት ላይ ነው፣ በሩ ሰፊ፣ መግቢያው ተዳፋት። አራት ሰው ከነዊልቸሩ ይይዛል። ፊት ለፊት በሰዓቱ በቆሎ የሚበትን በርሜል ቆሟል። መንገዱ አሸዋማ ስለሆነ የልጄ ዊልቸር አልሄደም። በሰንሰለት እንደ ታንክ የሚሄድ ትራክቼር አምጥተውለት ነበር። ይህ ወንበር ሚኔሶታ፣ ማርሻል የሚሠራ ነው። ሚኔሶታ ያላችሁ፣ አንዳንድ የስቴት ፓርኮች በነፃ ያውሱታል። አደን ባትፈልጉ እንኳ ልጃችሁን ጫካ ውሰዱበት። ልጄ ከስምንት ዓመቱ ወዲህ ሣር ላይ በራሱ ሄዶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ዛፍ ዞሮ መጣ፣ ደግሞ ዞረ። ሰዎቹ ሁሉ ዝም ብለው ጠበቁት።

ቅዳሜ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን መጣ። ስልኩ ላይ ይታየኛል። ቀንዱ ስምንት ጫፍ አለው። እየተራመደ ነው፣ ብርሃኑም እየደከመ ነበር። ሽማግሌው መቆለፊያውን ከፈቱ። የልጄ አውራ ጣት አዝራሩ ላይ ነው። እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ። ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ "አልተኩስም፣ ልስተው እችላለሁ" አለ። አጋዘኑ ሄደ። በልቤ ያን ያህል ደክሞበት አመለጠው ብዬ አዘንኩ። ሽማግሌው ግን መቆለፊያውን ዘግተው እጁን ጨበጡት። ምንም አልተናገሩም።

እሑድ በ11 ሰዓት ሌሊት ተነሳን። እሱን ለማዘጋጀት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል። አደን የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። ብርዱ ለሳንባው ስለሚያሰጋ ትንሽ ማሞቂያ ነበረን፣ ብርድ ልብስም ደራርቤለታለሁ። ቤተ ክርስቲያን የምሆንበት ሰዓት ስለነበር በልቤ ውዳሴ ማርያም እያልኩ ተቀመጥኩ። ብርሃን ሲሆን ያው አጋዘን ተመለሰ። ይኸኛው ጊዜ ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። ልጄ ብዙ አልቆየም።

አጋዘኑ ዘሎ አርባ እርምጃ ያህል ሮጠና ወደቀ። ማንም አልጮኸም። ልጄ መጀመሪያ የጠየቀው "አመመው?" ብሎ ነው። እኔ "አይ የኔ ጌታ፣ ምንም አልተሰማውም" ልል አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው ቀደሙኝ። "አዎ፣ ያመዋል" አሉት። "ግን አጭር ነው። ልቡን ነው ያገኘኸው። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ምንም አያውቅም። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። ትናንት ማታ አልተኩስም ስትል ደስ ያለኝ ለዚህ ነው።" ልጄ ራሱን ነቀነቀ። በትራክቼሩ አጠገቡ ድረስ ሄደ። እጁን አንስቼ የአጋዘኑ አንገት ላይ አደረግኩለት። ገና ትኩስ ነበር። ቢላዋውን ሰጡኝ፣ በስመ አብ ብዬ አረድኩት፣ ደሙ ፈሰሰ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጄ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ፎቶው የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ልብ ብሎ ያየው ሰው ዓይኑ ቀልቶ ያየዋል።

የታመመ ልጅ ደስ እንዲለው እንስሳ ለምን ይሞታል የሚሉ ሰዎች አሉ። አልንቃቸውም። እኔም ያን ቀን ደስታ ብቻ አይደለም የተሰማኝ። ልጃችሁ እንስሳ ሲሞት ማየት የማይችል ከሆነ አትውሰዱት። ዓሣ ማጥመድም አለ፣ ካሜራ ይዞ መሄድም አለ። ልጄ ግን ያየውን ማየት ይፈልግ ነበር። የዚያን ሌሊት ለምን እንደሆነ ገባኝ።

የተሰጠን ማረፊያ ሁለት ሌሊት ብቻ ነበር፣ ደክሞት ስለነበር ግን ሽማግሌው አንድ ሌሊት ጨመሩልን። ባይፓፑን ላጠልቅለት ስል እጄን ያዘኝ። "ሰውዬው እውነቱን ነገሩኝ" አለ። "አዎ" አልኩት። "የእኔስ? እኔ ስሞት ያመኛል?"

ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚህ ጥያቄ ስሸሽ ኖሬያለሁ። ሲጀምረኝ "እንዲህ አይባልም" እላለሁ፣ ወይም "እግዚአብሔር ያውቃል" ብዬ ወሬ እለውጣለሁ። ያን ሌሊት የምሸሽበት አልነበረኝም። "እንዳያምህ ሐኪሞቹ ብዙ ማድረግ ይችላሉ። እኔ ሁሉንም አላውቅም። አብረን እንጠይቃቸዋለን። እኔ አልለይህም" አልኩት። "እሺ" አለ። ብዙ ሳይቆይ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ግን ማሽኑን እያዳመጥኩ አነጋሁ።

ከተመለስን በኋላ ሐኪሟን አብረን ጠየቅናት። ፓሊያቲቭ ኬር ከሚባለው ቡድን ጋር አገናኘችን። እኔ ቃሉን ስሰማ የመጨረሻው ቀን የመጣ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ሕክምናው እንደቀጠለ ሕመምን፣ እንቅልፍን፣ ፍርሃትን የሚያግዙ ሰዎች ናቸው። ቀደም ብሎ መጀመር ይቻላል። ልጄ ከእኔ ጋር የማያወራውን ከእነሱ ጋር ያወራል። ያስከፋኝ ነበር፣ አሁን አያስከፋኝም።

ሥጋው ተቆርጦ በሁለት ሳምንት መጣልን። ስብ የሚባል የለውም። ጥብስ ስትሠሩ ቅቤውን አትስሱ፣ እሳት ላይም አታቆዩት፣ ይደርቃል። ከሁሉ የሚያምርበት ግን ቋንጣ ነው። ጥሬውን እንብላ ያሉ እንግዶች ነበሩ፣ እምቢ አልኩ። የዱር ሥጋ በደንብ ሳይበስል አይበላም፣ በተለይ ስቴሮይድ የሚወስድ ልጅ ባለበት ቤት። ጥይቱ የገባበትን አካባቢም ሰፋ አድርጋችሁ አስወግዱት፣ የእርሳስ ስባሪ ይቀርበታል። የማትፈልጉትን ሥጋ ቴክሳስ ውስጥ ሀንተርስ ፎር ዘ ሀንግሪ ተቀብሎ ለተቸገሩ ያደርሳል። እኛ ግማሹን ሰጠን። ልጄ ነው የወሰነው።

ብደግመው የማስተካክለውም አለ። አንደኛ ብቻዬን አልሄድም። ልጅ ማንሳትና መንዳት ተደርቦ ወገቤን ሳምንት አሞኝ ነበር። ሁለት አዋቂ ይፈቅዳሉ፣ እህትም ትሁን ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ደግሞ ወረቀቱን ሳላነብ ፈረምኩ። ከወረቀቶቹ አንዱ ፎቶውን ለማስታወቂያ ለመጠቀም የሚፈቅድ ነበር። ኋላ ደውዬ ስማችንን አስወጣሁ፣ ምንም አላሉኝም። ከመጀመሪያውም እምቢ ማለት እንደሚቻል አላወቅኩም ነበር። ልጃችሁንም ጠይቁት፣ ፎቶው የእሱ ነው። ከጉዞው በኋላ ደግሞ ለሁለት ቀን ከትምህርት ቤት አስቀሩት። በጣም ይደክማሉ።

የልጄን ሕመም ከሰው ደብቄ ነው የኖርኩት። ለሠርግ ስንጠራ ቤት ከሞግዚት ጋር ይቀራል። "ልጁ የታለ?" ሲሉኝ "ፈተና አለበት" እላለሁ። ፎቶውን ለዘመድ የላክሁት በስንት ማመንታት ነው። ደጀን ላለው አባቴ ግን እህቴ በስልኳ አሳየችው። አሁን ከሰማንያ አልፏል፣ ዓይኑም ደክሟል። በማግሥቱ ደወለልኝ። ቀንዱ ስንት ጫፍ እንዳለው፣ ከስንት ክንድ ርቀት እንደተኮሰ፣ በየት በኩል እንደመታው አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ ጸጥ አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "አባባ?" አልኩ።

"ያንን ልጅ እኮ አዝዬ ልወስደው እችል ነበር" አለኝ። "ቀላል ነበር። እንደ ጥጥ ነበር የሚቀለው።"

የሚለኝን ነገር አጣሁ። ልጄ ከክፍሉ "አያቴ ነው? አምጪልኝ" ብሎ ተጣራ። ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀመጥኩለትና በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። ልጄ በተሰባበረ አማርኛው ስለ ጆይስቲኩ ሲያስረዳው፣ አባቴ "እንዴት? እስቲ ድገመው የኔ ጀግና" ሲለው እስከ ማዕድ ቤት ይሰማኝ ነበር።